የሙዚየም ወራጅ

እትዬ ደወልን አንድ ነገር እንዳያደርጉ መከልከል፣ እንዲያደርጉት መለመን ማለት ነው። ይህን ዘመድም ጎረቤትም ያውቃል። የምትረሳው ልጃቸው ብቻ ናት።

እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ደወል ያሏቸው የአውቶቡስ ሰዎች ናቸው፤ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጡ ነው የኖሩት። ከኋላው በር አጠገብ ካለችው ጠባብ መቀመጫቸው ሆነው የፌርማታውን ስም ሲጠሩ ያንቀላፋው ይነቃል፣ የሚያወራው አፉን ይይዛል፣ ሾፌሩም መስታወቱን ሳያይ ፍሬን ይረግጣል። «ገበያ!» «ሆስፒታል!» «ሙዚየም!»

ሙዚየም የሚሉት ኮረብታው ላይ ያለውን አሮጌ ቤት ነው። ድሮ የአንድ ባለጠጋ መኖሪያ ነበር። ሰውዬው ሥዕል ሲሰበስብና አበባ ሲተክል ኖሮ፣ ሲሞት ቤቱን ከነግቢው ለከተማው ተወው ይባላል። እትዬ ደወል ታዲያ ይህን ሁሉ ያወቁት ከተሳፋሪ ወሬ ነው። የትኬት ቆራጭ መቀመጫ ጀርባው ለመስኮት ነው፤ በሩ ሲከፈት የሚታያቸው የብረት አጥሩና ከአጥሩ በላይ ብቅ ያለው የዛፍ ጫፍ ብቻ ነበር። ሰው ይወርዳል፤ እሳቸው በሩን ሁለቴ ኳ ኳ አድርገው «ሂድ!» ይላሉ፤ አውቶቡሱም ይሄዳል።

የወረደው ሲመለስ ጫማው ሥር የአበባ ቅጠል ለጥፎ፣ አፉ ላይ ጭቅጭቅ ይዞ ነው። ጭቅጭቁ ሁሌም አንድ ነው። እዚያ ውስጥ ወንበር ላይ የተቀመጠ የአንድ ሽማግሌ ሥዕል አለ አሉ፤ ዓይኑ ተጨፍኗል፣ እጁ ጭኑ ላይ ወድቋል። ግማሹ ተሳፋሪ ተኝቷል ይላል፣ ግማሹ ሞቷል ይላል። በዚህ ሽማግሌ የተነሣ እጮኛሞች ተኮራርፈው በተለያየ በር ሲወርዱ እትዬ ደወል በዓይናቸው አይተዋል። አንዳንዱ ዳኛ ፍለጋ ወደ እሳቸው ዞሮ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሲላቸው፣ «እኔ የምለው ትኬት ያልቆረጠ ይቁረጥ ነው» ብለው ይገላገላሉ። አላየሁትም ማለት ያሳፍራቸው ነበር። የሰውን ሁሉ መውረጃ ሲጠሩ ኖሮ ራስ አለመውረድ ያንገበግባል።

አሁን ጡረታ ወጥተዋል። አምና ደረጃ ላይ ከወደቁ ወዲህ ጉልበታቸው እንደ ልባቸው አይደለም። በሌላ ከተማ ፋርማሲ ያላት ልጃቸውም ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም ብላ ልትወስዳቸው መጥታለች። ጉዞው ለቅዳሜ ተቆርጧል። ተስማሙ ከማለት ዝም አሉ ማለት ይሻላል።

አንድ ከሰዓት ልጅቱ ለባሏ ስትደውል እሳቸው ወንበራቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። እንቅልፍ አይደለም። መድኃኒትሽን ዋጪ፣ እግርሽን ከፍ አድርጊ፣ ሹራብ ደርቢ ሲበዛባቸው ፋታ የሚያገኙበት ዘዴ ነው። «እማዬንና ቁምሳጥኑን በአንድ መኪና እንጭናቸዋለን» ስትል ሰሙ። ዓይናቸውን አልገለጡም፤ ደማቸው ግን ፈላ።

ራት ላይ፣ ከመሄዴ በፊት ሙዚየሙን አያለሁ አሉ። ልጅቱ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ደረጃውን አነሣች፣ ጉልበቱን አነሣች፣ ገና ያልታሸገውን ዕቃ አነሣች፤ በመጨረሻም ሌላ ጊዜ ሁላችንም ተሰብስበን እንሄዳለን አለች። እትዬ ደወል «ሌላ ጊዜ» የሚባለውን ፌርማታ ያውቁታል፤ በየትኛውም መስመር ላይ የለም። እንቢ ሲሉ ልጅቱ ስልኳን አወጣች፤ ነካ ነካ አድርጋ ሽማግሌውን ከነአበባው ከፊታቸው ዘረጋችው።

«ይኸው፣ አየሽው አይደል?»

እትዬ ደወል ቶሎ ፊታቸውን አዞሩ። ያን ያህል ዘመን የጠበቁትን ሰው ጥፍር አክሎ ሊያዩት አልፈለጉም።

«በስልክማ አንቺንም አይሻለሁ። ታዲያ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

ልጅቱ ሳህኑን ማንሣት ጀመረች።

በማግስቱ እትዬ ደወል ወደ ጋሽ ፍሬን ሄዱ። ጋሽ ፍሬን አውቶቡሱን የነዱ የድሮ ባልደረባቸው ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ከእግራቸው ይልቅ ከአፋቸው ነው፤ ማንኛውንም ሐሳብ መጀመሪያ ያቆሙታል፣ ከዚያ ግራ ቀኙን ያያሉ። የጡረተኞች መዋያ ከጋራዡ አጥር ሥር ያለው አግዳሚ ስለሆነ ዕቅዱ የወጣው እዚያ ነው። እትዬ ደወል ነገሩን እንደ አውቶቡስ መስመር ከፋፈሉት። በየት በኩል ይሳፈራሉ፣ በየትኛው በር ይወርዳሉ፣ ከብረት በሩ እስከ ቤቱ ድረስ የት የት መቀመጫ አለ፤ ይህንን እንኳ ከተሳፋሪ አፍ ለቅመው ይዘውታል። ጉልበት ሳይዝል በፊት ሥዕሉ ይታያል፤ አትክልቱ ቁጭ ብድግ እያሉ በኋላ ይደርሳል። ጋሽ ፍሬን በየመታጠፊያው ያዙ። ቢዘንብስ? ልጅሽ ብትሰማስ? ብትወድቂ ደግሞ እኔ አላነሣሽም፣ ወገቤን ታውቂዋለሽ።

«ከወደቅኩ ወድቄ አየዋለሁ» አሉ እትዬ ደወል።

በቀኑ ላይ ግን ክርክር አልነበረም። ሁለቱም እኩል «ሰኞ» አሉ። ሰኞ የእረፍት ቀናቸው ነበር። ሌላው ሰው እሑድ ሲያርፍ የእነሱ መኪና የሚቆመው ሰኞ ነው፤ ሐኪም ቤቱም፣ ልብስ አጠባውም፣ የልጅ አስተማሪ ማነጋገሩም ለሰኞ ይከማቻል። ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰውነታቸው ይህን ቀን አልረሳውም።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ደወል የሥራ ጓደኞቼን ልሰናበት ብለው ከቤት ወጡ። ውሸት አይባልም፤ አንዱ ጓደኛ ወገቡን ይዞ ፌርማታው ላይ ቆሞ ነበር። አዲሱ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ የለውም። የፌርማታውን ስም የምትጠራው የተቀዳች ሴት ናት፤ እትዬ ደወል ጥቂት ካዳመጧት በኋላ ይቺን ጉንፋን ይዟታል ብለው ፈረዱባት። ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ብድግ አሉ። «ወራጅ አለ» አሉና በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ወረዱ።

በሩ ዝግ ነው። ዘበኛው በፍርግርጉ መካከል ብቅ ብሎ ሰኞ ሰኞ እንደማይከፈት ነገራቸው። ከመቼ ወዲህ ነው ቢሉት ከጥንትም እንዲሁ ነው አላቸው። እትዬ ደወልና ጋሽ ፍሬን ተያዩ። እነሱ በሥራ ላይ በዋሉበት ቀን ሁሉ ቤቱ ክፍት ነበር፤ እነሱ ባረፉ ቀን እሱም ያርፋል። ስለዚህ ተዘግቶ አንድም ቀን አላዩትም፤ በእረፍታቸው ቢመጡ ደግሞ ዘመናቸውን ሙሉ ዝግ በር ይጠብቃቸው ኖሯል። ጋሽ ፍሬን ሳቅ ያዛቸው፤ እያሳሉና ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። እትዬ ደወል አልሳቁም። ተናደዋል፤ በማን እንደተናደዱ ለማወቅ ግን አስቸገራቸው። ጋሽ ፍሬን አልተጻፈልንም፣ ይቅርብን ቢሉ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለው ዝም አሰኟቸው።

ቤት ሲገቡ አልደበቁም። ሙዚየም ሄጄ ዝግ ሆኖ ጠበቀኝ፣ ነገ ደግሞ እሄዳለሁ አሏት። ልጅቱ ተቆጣች፤ ቀጥሎም አለቀሰች። መንገድ ላይ ወድቀሽ ብትቀሪስ አለች። ፍርሃቷ የውሸት አልነበረም፤ አምና የወደቁ ጊዜ ጎረቤት ሲደውልላት ፋርማሲውን እንኳ በወጉ ሳትዘጋ ነው የበረረችው። እትዬ ደወልም ይህን ያውቃሉ። ሐሳባቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ልጅቱ ልመናው እንዳልሠራ ስታይ ወደ ሥራ ገባች። የእናቷን ጫማዎች አንድም ሳታስቀር ካርቶን ውስጥ ከታ በፕላስተር ደጋግማ ጠቀለለቻቸው፤ የቅዳሜ ዕቃ ነው ብላ። ለጋሽ ፍሬንም ደወለች።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ፍሬን ወገቤን አሉ። እትዬ ደወል አልፈረዱባቸውም፤ የፍሬን ሥራው ማቆም ነው። ልጅቱ ገላዋን ልትታጠብ ገብታ ውሃው መንሿሿት ሲጀምር፣ ካርቶኑን በግልምጫ አልፈው በቤት ነጠላ ጫማቸው ወጡ።

ዘበኛው አወቃቸው። ከዚያ ዓይኑ ወደ እግራቸው ወረደና ከላስቲኩ ጫማ ላይ ቀረ። እትዬ ደወል ዓይኑን እስኪያነሣ ድረስ ፊቱን እያዩ ቆሙ። ያለ ትኬት ሊሳፈር የሚያደባውን ሁሉ የመለሰች አስተያየት ናት፤ ለአንድ ዘበኛ አታንስም። በሩን ከፈተላቸው።

ደረጃው ሰፊና የሚያንሸራትት ድንጋይ ነው። አሮጊቶችን ከአውቶቡስ ሲያወርዱ «በጎን፣ በጎን፣ ብረቱን ጥብቅ!» ይሉ ነበር፤ ዛሬ ለራሳቸው እያሉት በጎን ወጡ። አንዲት አስጎብኚ ልደግፍዎት ብላ ስትመጣ፣ ይልቅ ከፊቴ ገለል በይልኝ ብለው መለሷት። መሃል ላይ ጉልበታቸው ጮኸ። ቆሙ፣ ተነፈሱ፣ ሰደቡት፣ ቀጠሉ።

ሽማግሌው ከሁለተኛው ክፍል ጥግ ላይ ነበር። ካሰቡት ያንሳል፤ ክፈፉ ግን ትልቅ ነው። እትዬ ደወል ከፊት ለፊቱ ካለችው መቀመጫ ላይ ቁጭ አሉና በደንብ አዩት። ጠጉሩን አበጥረውለታል። ጉልበቱ ላይ ሰው ያለበሰው ብርድ ልብስ አለ፤ አጠገቡ ያልተነካ ብርጭቆ። የግራ ዓይኑ ቆብ ከቀኙ ትንሽ ጠበቅ ብሏል፤ ከንፈሩ ጥግ ላይም የተያዘ ሳቅ የመሰለ ነገር አለ። ከኋላ፣ በተገረበበው በር የሴት ቀሚስ ጫፍ ይታያል። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ሲጣላበት የኖረው ነገር በአንዴ ገባቸው። ሳቃቸው መጣ፤ ትናንት የቀረባቸውን ጭምር ሳቁ።

«አልሞተም፣ አልተኛም» አሏት፣ ተከትላቸው ለመጣችው አስጎብኚ። «እያስመሰለ ነው። ልጁ በር ላይ ናት፤ እስክትሄድለት እየጠበቀ ነው።»

አስጎብኚዋ ይህን የሚል መጽሐፍ እንደሌለ በትህትና ገለጸችላቸው። እትዬ ደወልም መጽሐፉን የጻፈው ሰው ልጆቹ ገና ትንንሾች ይሆናሉ አሉ።

አትክልቱ ጋ ሲደርሱ ነጠላ ጫማቸውን አወለቁና ከጽጌረዳው አጠገብ ካለው አግዳሚ ተቀመጡ። ሣሩ ገና ጤዛ አልለቀቀውም፤ እግራቸው ደስ አለው። ከዚህ ሲያዩት የብረት አጥሩ ወዲያ ማዶ ሆኗል፤ ፌርማታውም ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ስልካቸው ጮኸ።

«እማዬ፣ የት ነሽ?»

«ሙዚየም!» አሉ።

የድሮው ድምፅ ነበር። አበባ የሚያጠጣው አትክልተኛ ቱቦውን እንደያዘ ዞረና የገዛ ጫማውን አራሰ። ልጅቱ ባለሽበት ቆዪ፣ አሁኑኑ መኪና ይዤ እመጣለሁ አለች። አትምጪ፣ ስጨርስ በአውቶቡስ እመለሳለሁ አሏት። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቅዳሜ አብሬሽ እሄዳለሁ። ከቁምሳጥኑ ጋር ግን አልጫንም። ትኬቴን ቆርጬ እሳፈራለሁ።»



«ተኝተሽ መስሎኝ ነበር» አለች ልጅቱ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ሁላችሁም እንደዚያ ነው የሚመስላችሁ።»

ፕላስተር ሲቀደድ በስልኩ ተሰማ። ከዚያ ልጅቱ ሰፈር ያለው ፌርማታ ላይ ጫማ ይዤ ልጠብቅሽ ወይ ብላ ጠየቀች። እትዬ ደወል አሰቡበትና ፈቀዱላት።

አጥሩ ማዶ አንድ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ ሰዎች ወረዱ፤ ጉንፋን የያዛት ሴትዮ ስሙን ጠራች። በሩ ክፍት እንደሆነ ቆየ። እትዬ ደወል አግዳሚውን በጣታቸው አንጓ ሁለቴ ኳ ኳ አደረጉ። አውቶቡሱም ሄደ።