«ማን ኛማል» የሚለው መስመር

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ጋምቤላ ከተማ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። አዲስ ክፍል በጀመርኩ ቁጥር ይህ ገጠመኝ ትዝ ይለኛል።

ተማሪዎቼ ከኢንተርኔት ያገኙትን ሁሉ እንዳለ ገልብጠው ያመጡልኝ ነበር። አንዱማ ባሮ ወንዝ ጣና ሐይቅ ውስጥ ይገባል ብሎ ጻፈልኝ፤ ያውም ባሮን በየቀኑ በድልድዩ እየተሻገረ የሚመጣ ልጅ። ከዚያ ወዲህ አራት ጥያቄዎች ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ማስጠናት ጀመርኩ፦ ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ከየት አገኘው? ለምን ጻፈው? ልጆቹም ስሜን ትተው «ቲቸር ማን ጻፈው» ይሉኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ኮራ ብዬ ነበር።

አንድ ቀን እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ድረ ገጽ መርምሮ እንዲመጣ የቤት ሥራ ሰጠሁ። አብዛኞቹ የኳስ ገጽ አመጡ። ኛማል ግን የስም ዝርዝር ይዛ መጣች። ኛማል ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ከአክስቷ ጋር የምትኖር፣ ኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ዝምተኛ የኑዌር ልጅ ናት። ገጹ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከቤተሰባቸው የተለያዩ ሰዎችን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ደርድሯል። አንዱን መስመር በእስክሪብቶ አስምራበታለች። «ማን ኛማል፣ ፑኝዶ» ይላል። ፑኝዶ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ያለች፣ ትልቅ የስደተኞች መጠለያ ያለባት ከተማ ናት።

ጥያቄዎቹን በሥርዓት መልሳለች። ማን ጻፈው? አይታወቅም። መቼ? አይልም። ከየት? አይልም። ለምን? የጠፉ ሰዎችን ለማገናኘት። መጨረሻ ላይ «ይታመናል ወይስ አይታመንም?» የሚለውን ግን ባዶ ትታዋለች።

«ቲቸር፣ ይሄ ይታመናል?» አለችኝ።

ጥሩ ማስተማሪያ አገኘሁ ብዬ ወረቀቷን ለክፍሉ ሁሉ አነበብኩት። «ተመልከቱ፣ ማን ማለት በእንግሊዝኛ ወንድ ነው። በኑዌርኛ ስሟ በ‹ኛ› የሚጀምር ደግሞ ሴት እንደሆነች እኔም አውቃለሁ። ወንዱን ከሴቱ መለየት ያልቻለ ጸሐፊ እንዴት ይታመናል?» አልኩ። አንዳንዶቹ ሳቁ። ኛማል አልሳቀችም። ወረቀቷን ተቀብላኝ፣ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገብቼ ይህንኑ እንደ ቀልድ ለባዮሎጂ መምህሩ ነገርኩት። እሱም ኑዌር ነው። አልሳቀም።

«ማን እኮ በእኛ ቋንቋ እናት ማለት ነው» አለኝ። «ሴት ከወለደች በኋላ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ ልጇ ስም ነው የምትጠራው። ማን ኛማል፣ የኛማል እናት።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ እዚሁ ክልል የተወለድኩ የሰፋሪ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው፣ እዚህ አርሰው ነው ያሳደጉኝ። በኑዌርኛ «ማሌ» ብዬ ሰላምታ እሰጣለሁ፣ አገሩን አውቀዋለሁ እላለሁ። ያቺ ልጅ እናቴ ትኖር ይሆን ብላ ነበር የጠየቀችኝ፤ እኔ በሃያ ሴኮንድ አይታመንም አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይዤ ኒውላንድ ሄድኩ። አክስቷ በር ላይ ዓሣ እያጸዳች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና «ቲቸር ማን ጻፈው የሚሉህ አንተ ነህ?» አለችኝ። ወንበር ሰጥታኝ ሥራዋን ቀጠለች። «ኛማል ትንሽ ነበረች። ሰው ሁሉ ሮጠ። እናቷ በዚያ ሄደች፣ እኛ በዚህ። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም» አለችኝ።

ኛማልን ይቅርታ ጠየቅኋት። ልዋሻት ግን አልፈለግሁም። «የሰጠሁሽ ምክንያት ስህተት ነው። ገጹን ግን አሁንም አላምነውም። የመጀመሪያ ልጇን ኛማል ያለች እናት ብዙ ናት» አልኳት።

«አውቃለሁ ቲቸር» አለች። «ሦስተኛው ጥያቄ ‹ከየት አገኘው› ነው የሚለው። ሄጄ ልጠይቅ?»

ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ወሰድኩላትና ቅዳሜ ጠዋት ከአክስቷ ጋር ወደ ፑኝዶ ሄደች። እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ባጃጅ የትምህርት ቤቱ በር ላይ በቆመ ቁጥር በመስኮት አይ ነበር።

ረቡዕ ዕለት መጣች። ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

«እናቴ አይደለችም» አለች። «የሌላ ኛማል እናት ናት። የእሷም ኛማል ጠፍታለች።»

እንደነገረችኝ፣ ሴትዮዋ ኛማል የምትባል ልጅ መጣች ሲሏት እየሮጠች ወጣች። ስታያት ቆመች። ከዚያ እጇን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻት፤ እስክትመለስም ድረስ ከጎኗ አላራቀቻትም።

«ውሃ ስንቀዳ ሰው ሁሉ ማን ኛማል፣ ማን ኛማል ይላታል» አለችኝ ኛማል። «በጠሯት ቁጥር የልጇን ስም ትሰማለች።» «ቲቸር፣ የእኔም እናት ካለች፣ ዛሬ አንድ ሰው በስሜ ጠርቷታል።»

አጠገቤ ያለውን ወንበር ሳብኩላት።

ኛማል ዛሬ ሌላ ከተማ ኮሌጅ ገብታለች። እኔ አራቱን ጥያቄዎች አስተምራለሁ፤ «ማን» ብዬ ስጽፍ እጄ ትንሽ ይዘገያል። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር እንደዚያ ዓይነት ዝርዝሮችን ከፍቼ እፈልጋለሁ። አይቻት የማላውቃትን ሴት እንዲህ እናፍቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። እስካሁን ሦስት ማን ኛማል አግኝቼ ልኬላታለሁ። ሁልጊዜ የምትመልስልኝ «እሺ ቲቸር፣ እጠይቃለሁ» ብላ ነው። ይታመናል ወይ ብላ ግን ዳግመኛ ጠይቃኝ አታውቅም።