«ሕመሙ የለም» ያልኩበት ቀን

ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የቆምኩት ጌታ ለጉልበቴ ያደረገውን ልመሰክር ነው። ከዚያ በፊት ግን ከዚሁ መድረክ ላይ የተናገርኩትን አንድ ነገር ማረም አለብኝ።

በዚያን ቀን ማን የት እንደቆመ አልረሳሁም። እንግዳው ወንጌላዊ ከፊቴ ነበር። ፓስተራችን በቀኜ፣ ልጄ ሰላም ቦርሳዬን ይዛ በግራዬ። ብወድቅ የሚይዙኝ ሁለት እህቶች ከኋላዬ፣ መዘምራኑ በግድግዳው በኩል። ከበሩ አጠገብ ደግሞ ያኔ የማላውቃት ከካምባ ወረዳ የመጣች አንዲት ሴት ምርኩዟን ተደግፋ ቆማለች። ስሟ አማረች ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ተራራ ላይ ባለችው በኦቾሎ መንደር ያደግኩ የሸማኔ ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚሁ ከተማ ሴቻ ሰፈር በሚገኝ መሥሪያ ቤት እስከ ጡረታ ድረስ ታይፒስት ነበርኩ። የጻፍኩት ደብዳቤ ለእርማት ተመልሶብኝ አያውቅም። ጌታን ከማወቄ በፊት የምታመነው በዚህ ነበር፤ በሥራዬና ሰው ስለ እኔ በሚለው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ጌታን ስቀበል ኃጢአቴን ሁሉ ያስረከብኩ መስሎኝ ነበር። ይህችን ኩራት ግን ይዣት ገባሁ።

የቀኝ ጉልበቴ መታመም የጀመረው ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አነሣና፣ «እማማ፣ መገጣጠሚያው ተበልቷል። እንቅስቃሴ በደንብ ከሠሩና ክብደት ከቀነሱ ሳይቀደዱ ሊሻልዎት ይችላል። ካልሆነ ግን አዲስ አበባ ሄደው ኦፕራሲዮን ነው» አለኝ። እኔ ቢላዋ እፈራለሁ። እንቅስቃሴውን ጀመርኩ፤ ግን አንድ ወር ሳይሞላኝ ያ የፈውስ ጉባኤ መጣ።

ወንጌላዊው ጸለየልኝ። ላቡ በፊቱ እየወረደ ነበር። ልጄ ታለቅሳለች። ከዚያ ማይኩን ወደ አፌ አቀረበና፣ «እማማ፣ አሁን ሕመሙ የት አለ?» አለኝ።

ሕመሙ እዚያው ነበር። ነገር ግን ሰውየው ከሩቅ መጥቷል፤ ቤቱ ሙሉ ሰው ይጠብቀኛል። «ሕመሙ የለም» አልኩ።

ወንጌላዊው የተደገፍኩትን ምርኩዝ ተቀብሎ ወደ ላይ አነሣው። እኔም ከዚህ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። እናንተ እልል አላችሁ። ጌታ በዚያ ቀን ሊፈውሰኝ ይችል ነበር፣ በዚህ አልጠራጠርም። ግን አልፈወሰኝም፤ እኔም እያወቅኩ ዋሸሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት አሳጥሬ ልንገራችሁ። የተፈወሰች ሴት ምርኩዝ አትይዝም፣ ስለዚህ ተውኩት። የተፈወሰች ሴት ሐኪም ቤት አትታይም፣ ስለዚህ ቀጠሮዬን ተውኩ። ሁለት እርምጃ ለሆነ መንገድ ሚኒባስ እሳፈር ነበር። ቤቴ ውስጥ ወንበር ለወንበር ተደግፌ እሄዳለሁ፤ በር ሲንኳኳ ቀና እላለሁ። ጉልበቴ አብጦ ቀሚሴን ይገፋ ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አማረች ልጇን አስከትላ ቤቴ መጣች። እሷም ሲቀላ ሰፈር ልጇ ዘንድ ተቀምጣ ጉልበቷን ነበር የምትታከመው። በጉባኤው ቀን እኔን አይታ ምርኩዟን ቤተ ክርስቲያን ጥላ መሄዷን፣ መድኃኒቷንም ማቆሟን፣ ገበያ መካከል መውደቋን ነገረችኝ። በጋሞኛ ነው የተናገረችው፤ እንዳለ ወደ አማርኛ ልመልሰው።

«እንደ አንቺ አመንኩ። አንቺን ሰምቶ እኔን ለምን እምቢ አለኝ? ምን በድዬው ነው? ታውቂ እንደሆነ ንገሪኝ።»

ቀሚሴን ገልጬ ጉልበቴን አሳየኋት።

አየችው። ዳሰሰችውም። «ይሄ ከእኔ ይብሳል» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ታዲያ እንደዚህ ሆነሽ ነው ያን ሁሉ የተራመድሽው? ወይ አንቺ ሴት፣ ጠንካራ ነሽ» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ይቅር በይኝ አልኳት። «እግዚአብሔር እምቢ እንዳላለኝ ካወቅኩ ይበቃኛል» አለችኝ። አብረን ጸለይን። ጌታን በእውነት ያገኘሁት በዚያ ከሰዓት ነው እላለሁ። ስሙ ይባረክ።

በማግስቱ ሁለታችንም ምርኩዝ ይዘን ሐኪም ቤት ሄድን። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ወጣት ነው። «እማማ፣ የት ጠፍተው ነበር?» ቢለኝ፣ «ውሸቴን ስጠብቅ» አልኩት። አልገባውም። ያዘዘን ይህን ነው፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እግርን ቀጥ ማድረግ፣ አሥር እስኪቆጠር መያዝ፣ ቀስ ብሎ ማውረድ። ኋላም ካልሲ ውስጥ አሸዋ ሞልቶ ቁርጭምጭሚት ላይ አስሮ ያንኑ መድገም። አማረች አሸዋ አጥታ በቆሎ ሞላችበት።

«የእኔን አይጥ በላው» ብላ ባዶ ካልሲ ይዛ መጣች።

«ታዲያ አይጧ ናት የዳነችው» አላት ወጣቱ ባለሙያ።

በየጠዋቱ አንድ ላይ ሠራን። እሷ በጋሞኛ ትቆጥራለች፣ እኔ በአማርኛ። ሰባት ላይ ስደርስ ሁልጊዜ «ጌታ ሆይ፣ ሦስት ብቻ ቀረ» እላለሁ። ያንን ጸሎት ሰምቶልኛል። እራት ላይ እንጀራ ቀነስኩ። እብጠቱ ጎደለ። ምርኩዙን መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ ደጅ ተውኩት። ሐኪሙ በመጨረሻው ቀጠሮ አስነሥቶ አስቀመጠኝና፣ «ኦፕራሲዮኑን እንርሳው» አለ። ጌታ ይመስገን።

ለፓስተራችን እውነቱን የነገርኩት በመካከሉ ነው። «ለምን ያን ጊዜ አልነገሩኝም?» አሉኝ። «ፓስተር፣ ደስ ብሎዎት አየሁ» አልኳቸው። እሳቸውም፣ «ሲዘጋጁ መድረኩ የእርስዎ ነው» አሉኝ። ጉልበቴ ከአንደበቴ ቀድሞ ዳነ፤ እስከ ዛሬ ዘገየሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ባለፈው ወር ለወንድሜ ልጅ ሠርግ ኦቾሎ ወጣሁ። መኪናው ካቆመበት እስከ ቤቱ ያለውን አቀበት በእግሬ ነው የጨረስኩት። አንዴ ብቻ ቆምኩ፤ እሱም ከታች ያለውን የአባያ ሐይቅ ለማየት ነው። የወንድሜ ሚስት ከእኔ በአሥር ዓመት ታንሳለች፣ ከኋላዬ ነበረች። በዚህ እኮራለሁ። ጉልበቱን የሠራው ጌታ ነው፣ እንቅስቃሴውን የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም ሳላፍር እናገራለሁ።

የታመማችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ በጌታ ታመኑ። ጸሎት ጠይቁ፣ ቀጠሯችሁንም አክብሩ። ስትድኑ ዳንኩ በሉ። ካልዳናችሁ ገና ነኝ በሉ፤ ጌታ በዚህ አያፍርባችሁም።

አማረች ዛሬ ወደ ካምባ ትመለሳለች። መናኸሪያ ድረስ በእግሬ ልሸኛት ቃል ገብቻለሁ፤ መኪናው ሳይሞላ መድረስ አለብኝ። መዝሙሩን ሳልጠብቅ ልውጣ።