ጠብቁኝ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲታይ ምን ያህል ይሆናል? ጡረታ የወጣው ፖስተኛ የራሱን የሚለካው በእግሩ ነበር። በበዓል ሰሞን ልጆቹን ከሶፋ ላይ አስነሥቶ ወደ ኮረብታው ይነዳቸዋል። ዳገቱ ላይ ሆን ብሎ ወደ ኋላ ይቀርና «ኧረ ጠብቁኝ፣ ሞትኩላችሁ!» ይላል፤ አዝነው ሲቆሙለት ሮጦ ያልፋቸዋል። ልጆቹም ነቅተውበት፣ ያንን ቃል ሲሰሙ መሮጥ ለመዱ።

ዘንድሮ ዳገቱን ሳያጋምስ ደረቱን አንድ ነገር ጨምድዶ ያዘው። «ጠብቁኝ!» አለ።

«አባዬ፣ ዛሬስ አንሸወድም!» ብላ ትልቋ ልጁ ሳቀች። ሁሉም እግሬ አውጪኝ አሉ። የተቀለደበት ቃል በጭንቅ ቀን ይከዳል።

አጥር ተደግፎ እንደገና ሊጣራ ሞከረ፤ ድምፁ ግን ከጉሮሮው አላልፍ አለ። ልጆቹ ጫፍ ደርሰው ዞር ሲሉ ከኋላቸው ማንም የለም። ትልቋ ቁልቁል በረረች። አባቷ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ላቡ ሸሚዙን አርሶታል።

ወንድሞቿ ተሸክመውት መኪና ወዳለበት ሲጣደፉ፣ «አውርዱኝ ልጆቼ፤ በእግሬ ልሂድ» ብሎ ለመናቸው።

ማንም አላወረደውም።