የጆሮ ሚክሰር

ሰፈሩ «ጆሮ» ይላታል፤ ትንኝ ስታስል ትሰማለች እየተባለ ይቀለድባታል። ታናሽ ወንድሟ ግን «እታለም» ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት፤ የዘፈን መቅጃ ስቱዲዮም የከፈቱት አብረው ነው።

የስቱዲዮው ድምፅ ማቀላቀያ፣ ሚክሰሩ፣ ከአንድ አሮጌ ሬዲዮ ጣቢያ የወጣ ነው። ስፋቱ አልጋ የሚያህል፣ በበር አልገባ ብሎ ግድግዳ ያስፈረሰ ጉደኛ! ለእያንዳንዱ ማይክሮፎን የራሱ ረድፍ አለው፤ ከላይ የሚዞሩ ቁልፎች፣ ከታች ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መግፊያ። ረድፉ እንደ መሳቢያ ብቻውን ተስቦ ይወጣል። ዘፋኝ ሲጮህ የድምፅ መለኪያው መርፌዎች ብድግ ይላሉ፣ ጩኸቱ ግን ጆሮ አይበሳም፤ ሞቅ፣ ለስለስ ብሎ ይወጣል። ስንቱ ድምፀ ሻካራ በእሱ ተከብሯል መሰላችሁ!

ኮምፒውተር ሲመጣ ስቱዲዮው ተዘጋ፣ ሚክሰሩም አቧራ ለበሰ። አንድ ቀን ወንድሟ መጥቶ፣ «እታለም፣ አፈር ስሆን፣ እንደ ድሮው አድርጊልኝ። እንደገና እንከፍተዋለን» አላት። በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ክረምቱን ሙሉ አጎንብሳ ረድፍ በረድፍ እየሳበች ጠረገች፣ የተበጠሰውን በየደች፣ ያረጀውን ቀየረች። በዚያ ሁሉ ጆሮ የወንድሟን ሹክሹክታ አልሰማችም።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ጥገናው ባለቀ ማግስት ወንድሟ አንድ ገዢ ይዞ ገባ። ሚክሰሩን እንዳለ የሚፈልገው የለም፤ ረድፎቹ ግን የሚሠሩ ከሆነ አንድ በአንድ ተነቅለው በውድ ይሸጣሉ።

«ልትበታትነው ነው?» አለችው።

«ታዲያስ? ገበያው እኮ ሞቷል፣ እታለም።»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«እውነቱን ብነግርሽ ትጠግኚው ነበር?»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኼው ነው! ሌላ ሰው ቢሆን ምን ነበረበት፤ የእናቷ ልጅ የምትወደውን በገዛ እጇ አሳረዳት።

ገዢው ወደ እሷ ዞረ። «እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሁሉም ይሠራሉ?»

«አይሠሩም» ብትል ሰውዬው ጥሎ ይሄዳል፤ ሚክሰሩም እንዳለ ይተርፍላታል። ቃሉ ከንፈሯ ድረስ መጣ። ግን የጠገነችውን ዕቃ ተበላሽቷል ብላ አታውቅም።

«ይሠራሉ» አለች። «አንዱም እንከን የለውም።»

ወንድሟ ፊቱ ፈካ። «እንደማትዋሺ አውቅ ነበር» አላት።

ከክህደቱ ሁሉ ይሄ ባሰባት። በእውነተኛነቷም ነግዶባት ነበር።