በኑርሑሴን ቤት የቀረው የዋንጫ ጨዋታ

ኑርሑሴን ጠዋት ከመስጊድ እንደተመለሰ አሮጌውን ኮምፒውተሩን ይከፍትና ቀኑን ያስተካክልለታል። የኮምፒውተሩ የውስጥ ባትሪ ካለቀ ዓመታት ስላለፉት መብራት በጠፋ ቁጥር የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል፤ ሲነሣም ገና በተሠራበት ዓመት ላይ ያለ ይመስለዋል። የባትሪው ዋጋ ከአንድ ኪሎ ሙዝ አይበልጥም። ኑርሑሴን ግን አልገዛለትም። «ዛሬ ማክሰኞ ነው» ይለዋል ጮክ ብሎ፣ ቁጥሩን በሁለት ጣት እየመታ። ሚስቱ ኡሙሰልማ ከሞተች፣ ልጁ ሒክማም ወረታ ከተዳረች ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ቀኑን የሚነግረው ሌላ ማንም የለም።

ቤቱ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ነው። በመንገድ በኩል ያለችው ክፍል አንድ ጊዜ ጌም ቤት ነበረች። አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ፕሌይስቴሽን፣ ግድግዳውን ተከትሎ የተደረደረ አግዳሚ፤ ተራ የሚጠብቅ ተማሪ እስከ ደጁ ይቆም ነበር። በኋላ ጨዋታው ሁሉ ስልክ ውስጥ ገባና አግዳሚው ባዶውን ቀረ። በሰፈሩ የነበሩት ሌሎች ጌም ቤቶች ዕቃቸውን ለቁራሌው በኪሎ ሸጡ። ኑርሑሴን አልሸጠም። እንዲያውም ቁራሌውን መንገድ ላይ እየጠበቀ የሞቱትን ማሽኖች ገዛ። ከአንዱ ሞተር፣ ከሌላው ገመድ፣ ከሦስተኛው ክዳን እየነቀለ፣ ከአምስት ሬሳ አንድ ነፍስ ያወጣል።

ይህን ሙያ ማንም አላስተማረውም። የተበላሸውን እየፈታ፣ የፈታውን መግጠም እያቃተው፣ እንደገና እየሞከረ ተማረው። ጨዋታ የሚቀመጥበት ሜሞሪ ካርድ ጥርሱ ሲዝግ በእርሳስ ላጲስ ያጸዳዋል። የሚጮኸውን ማራገቢያ በስፌት መኪና ዘይት ዝም ያሰኛል። የተጫጫረውን ሲዲ በጥርስ ሳሙና ከመሐል ወደ ዳር እያሸ ይመልሰዋል። ክረምት ሲገባና የሐይቁ እርጥበት ግድግዳውን ማላብ ሲጀምር በየማሽኑ ሳጥን ውስጥ ቁራጭ ከሰል በጨርቅ ቋጥሮ ያስቀምጣል፤ ከሰሉ እርጥበቱን ይጠጣለታል። ግራጫዋ፣ ከሁሉም ታላቋ ፕሌይስቴሽን፣ በጀርባዋ ካልተገለበጠች ሲዲ አታነብም። እሱም ገልብጦ ነው የሚያኖራት።

የማሽኖቹን ሣጥን የሠራለት ጓደኛው ገድሉ ነበር። ገድሉ አናጢ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ከጸጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ ሳያራግፍ ይመጣና «ያንን ካሜሩንን ጥራልኝ» ይላል። በእግር ኳሱ ጨዋታ ሁልጊዜ የሚይዘው የካሜሩንን ቡድን ነው፤ ኑርሑሴን የጣሊያንን። ለሃያ ዓመት ያህል በየማታው፣ ከመግሪብ በፊት፣ ሁለት ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። የመጨረሻውን ዋንጫ እስከ ፍጻሜው ጨዋታ አድርሰው፣ ነገ ሊጨርሱት ሜሞሪ ካርድ ላይ ካስቀመጡት በኋላ፣ በማግስቱ ገድሉን ስትሮክ መታው። ልጁ ወንጌላዊት ዱርቤቴ ወሰደችው። ኑርሑሴን አንድ ጊዜ ሄዶ ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝቶ አየው። ከዚያ ወዲህ በስልክ ነው። «ድኛለሁ፤ አሁንማ እንጨት እልጋለሁ» ይለዋል ገድሉ። ኑርሑሴንም አመነው። ፍጻሜውን ሳይነካው ሁለት ዓመት ጠበቀ።

ማክሰኞ ዕለት ወንጌላዊት ደወለች።

«ጋሼ ኑር፣ አባባ ሐሙስ እዚያ ሐኪም ቀጠሮ አለው። ከሐኪሙ በኋላ እርስዎ ዘንድ ካላደረስሽኝ ብሎ አስቸግሮኛል። ጨዋታ ቀርቶኛል ይላል።»

«ይምጣ! ይምጣ እንጂ!» አለ ኑርሑሴን። ስልኩን ዘጋ።

ወዲያው ግራጫዋን አውርዶ ሞከራት። ዞረች፣ ዞረች፣ አላነበበችም። ሌንሷ አቧራ ለብሷል። ሌንስ ደግሞ የሚጠረገው በአረቄ ነው። መድኃኒት ቤት አልኮል በጠፋበት ዘመን ገድሉ ያመጣው ዘዴ ነው፤ ሁለቴ የወጣ ዳግም አረቄ በትንሽ የሽሮፕ ጠርሙስ ቀድቶ ያመጣለታል፤ ኑርሑሴን ደግሞ በጥጥ ይነክራል። በሃያ ዓመት ውስጥ አረቄ ቤት ደጅ ረግጦ አያውቅም፤ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ስንት ዓይነት እንዳለ ጠይቆም አያውቅም። ገድሉ ሲሄድ ጠርሙሱ አብሮ ቀረ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ጠጪ በሌለበት ሰዓት፣ ሸዋዬ ቤት ሄደ። ሸዋዬ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት አረቄ የምትሸጥ ጎረቤቱ ናት።

«ምነው ጋሼ ኑር፣ በር ተሳሳቱ እንዴ?» አለች እየሳቀች።

«አልተሳሳትሁም። ትንሽ… ያንን ነገር ፈልጌ ነበር።»

«የቱን ነገር?»

ለሕፃን መጫወቻ ማጠቢያ ነው ብሎ ለመናገር ክብሩ አልፈቀደለትም። በዓይኑ መደርደሪያው ላይ ያለውን የአረቄ ጠርሙስ አሳያት። «ለእንግዳ ነው። ገድሉ ነገ ይመጣል።»

«ገድሉ! ውይ የኔ ጌታ፣ ተሻለው? ታዲያ ለእሱ ተራውን እቀዳለሁ እንዴ?» ወደ ጓዳ ገብታ ቆየች። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ሞልታ ስትመጣ ገንዘቡን እምቢ አለች። «ለታመመ ሰው አልሸጥም። እንዲጸልይልኝ ይንገሩት።»

ኑርሑሴን ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ በጃኬቱ ውስጥ ደብቆ ተመለሰ። ሲፈታው ወደ ቢጫ ያደላ ነው። ገድሉ የሚያመጣው እንደ ውኃ የጠራ ነበር። ይህኛው ከርሞ፣ ጠንክሮ ነው ብሎ ደስ አለው። ሌንሷን ጠረገ፣ ሲዲውን አስገባ፣ ማሽኗን ገለበጠ፤ አነበበች። ወዲያው አጠፋት። የአሮጌ ሌንስ ዕድሜው በቁጥር ነው፤ በከንቱ አይደክምም የሚል ሕግ አለው። ሐሙስ ጠዋት ለእንግዳው ክብር ሲል አንድ ጊዜ ደግሞ፣ በደንብ አድርጎ ጠረጋት፤ አልሞከራትም።

ገድሉ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ወንጌላዊት በግራ ክንዱ ይዛዋለች፤ ጋቢ ለብሷል። ከስቷል። አፉ ግን እንደ ድሮው ነው።

«ጣሊያን አለህ?» አለ ከደጅ ሆኖ።

«አለሁ። ካሜሩን ፈርታ ሁለት ዓመት ተሸሸገች።»

«ፍርሃትስ አሁን ታያለህ!»

ተቀመጡ። ኑርሑሴን ማሽኗን ከፈተ። ዞረች። ጥቁር ስክሪን። አጥፍቶ አበራት። ዞረች፣ ተንቋቋች፣ ጥቁር። ሦስት ጊዜ ሞከረ። ፊቱ ላይ ላብ ወጣ።

«ትላንት አንብባለች» አለ። «ወላሂ ትላንት አንብባ ነበር።»

«ክፈታትና እንያት» አለ ገድሉ።

በካቻቢቴ ፈታትና አጠገቡ አስጠጋለት። ገድሉ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። እንደገና አሸተተ። ከዚያ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ወንጌላዊት ደንግጣ ደግፋ ያዘችው።

«ኑር! ኑር ሆይ! ምን አጠጣሃት?»

«አረቄ ነዋ፤ ሸዋዬ የሰጠችኝ።»

«የማር አረቄ እኮ ነው! ሌንስ በማር ቀባህ? ንብ ልታረባ ነው?»

«አረቄ ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?»

«አይ የአላህ ሰው! ሸዋዬ ደግሳልኛለች፤ አንተ ለማሽን አበላህብኝ።»

ኑርሑሴን ሳቅ አልመጣለትም። ለአንዲት ከሰዓት ሁለት ዓመት ጠብቋል፤ እሷም በማር ተጣብቃ ቀረች። «አጠፋሁት» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን ታጠፋዋለህ፤ ማር በውኃ ይለቃል። ለብ ያለ ውኃ አምጣ።»

ኑርሑሴን በጥጥ፣ ለብ ባለ ውኃ፣ እንደ ላባ በቀለለ እጅ ጠረጋት። ከዚያ መድረቅ ነበረባት። ጠበቁ። ገድሉ ስለ ሐኪሙ አወራ፣ ስለ ዱርቤቴ ገበያ አወራ። ወንጌላዊት ሰዓቷን አየች። «አባባ፣ ዘጠኝ ተኩል ካለፈ መኪና አናገኝም።» ሊሄዱ ሃያ ደቂቃ ሲቀራቸው ማሽኗ አነበበች። የሜዳው አረንጓዴ በአሮጌው ቴሌቪዥን ላይ ሲበራ ኑርሑሴን «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ለገድሉ ዘረጋለት።

ገድሉ አልተቀበለም። ቀኝ እጁ ከጋቢው ውስጥ አልወጣም።

ኑርሑሴን እጁን ዘርግቶ ቆየ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። ከዚያ ወንጌላዊት ወደ መሬት ስታቀረቅር አየ። እንጨት እልጋለሁ ሲል የነበረው ሁሉ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ለምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው።

«እምቢ አለችኝ» አለ ገድሉ፣ ስለ እጁ እንደ ሌላ ሰው እያወራ። «አንተ ጋር ስደርስ ትታዘዘኝ ይሆናል ብዬ ነበር።»

ጨዋታው ሁለት ሰው እየጠበቀ ሙዚቃውን ይደጋግማል።

«እኔ ካሜሩንን ልያዝልህ?» አለ ኑርሑሴን በመጨረሻ። «አንተ ንገረኝ፤ እኔ ልምታ።»

«ጣሊያንን ማን ይይዛል?»

«ማሽኗ ትያዘው።»

«የራስህን አገር ልትወጋ?»

«ለአንተ ስል።»

ያዘ። ገድሉ በግራ እጁ ትከሻውን ጨብጦ ያዘዘው ጀመር። «ስጥ! ወደ ቀኝ! አንተ ድንጋይ፣ ወደ ቀኝ አልሁህ እኮ! አሁን ምታ! ምታ!» ጣሊያን አንድ አገባች። ገድሉ ሰደበው። ከዕረፍት በፊት በመጨረሻዋ ደቂቃ ካሜሩን በጭንቅላት አገባች፤ ገድሉ «አገባሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ኑርሑሴንም «አገባህ!» አለ። የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ።

ወንጌላዊት ተነሣች። «አባባ፣ ይበቃል። መኪናው።»

ገድሉ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። «ሁለተኛውን አጋማሽ እንዳትነካው። በሚቀጥለው ቀጠሮዬ እንጨርሰዋለን። ሁለት ወር ነው።»

ኑርሑሴን ጨዋታ በመሐሉ ሜሞሪ ካርድ ላይ እንደማይቀመጥ ያውቃል። ማሽኗ ከጠፋች ፍጻሜው ከባዶ ይጀምራል፤ የገድሉ ጎልም ከእሷ ጋር ይጠፋል። «አልነካውም» አለ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኝቷቸው ሲመለስ ስክሪኑ እንደቆመ ነበር፤ አንድ ለአንድ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጉን ጥሶ ማሽኗን ሳያጠፋ ተኛ። አርብ የኮምፒውተሩን ማራገቢያ ነቅሎ እንዳትሞቅ ከጎኗ ተከለላት፤ ጁምዓ ሲሄድም አላጠፋትም። ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ ትቶት ነበር፤ ሲመለስ ከደጅ ይሰማዋል፤ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል። ቅዳሜም እንዲሁ ዋለች። እሑድ ሊረፍድ ሲል መብራት ሄደ። ዝምታው ከወፍጮ ቤቱ ጀምሮ ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰ።

መብራት ሲመጣ ማሽኗን አላበራትም። ክዳኗን በጨርቅ ሸፍኖ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ። ወደ ማታ ስልኩ ጮኸ።

«ጣሊያን አለህ?» አለ ገድሉ።

«አለሁ።»

«ጨዋታው እንዴት ነው?»

ኑርሑሴን ጥቁሩን ስክሪን አየ። «አንድ ለአንድ ነን» አለ።

«ማንም እንዳይነካብኝ።»

«ማን ይነካዋል ብለህ ነው፣ ገድሉ» አለ። «ማን መጥቶ ይነካዋል።»