የላትቪያው ማሊያ

ትናንት እጃጂ ገበያ አንዲት ነጋዴ የሰልባጅ ቦንዳ ስትፈታ ያ የብል መድኃኒት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ወዲያው የልጅነቴ ወይን ጠጅ ማሊያ ትዝ አለኝ።

አባባ ከአምቦ ሰልባጅ ተራ የገዛልኝ ነበር። ደረቱ ላይ "ላትቪያ" ይላል፤ ጀርባው ላይ ማንም የማያውቀው ረጅም ስም አለ። በሰፈራችን ሜዳ ሰው የሚሰለፈው በማሊያው ነው፤ የኮከብ ስም የለበሰ አጥቂ ይሆናል፣ የማይታወቅ ስም የለበሰ ኳስ ያመላልሳል። እኔ ደግሞ ሴት ነኝ።

"ይሄ ማነው? ሂጂ ኳስ አምጪ!" ብለው ወንዶቹ ጀርባዬ ላይ ያለውን ስም እያዩ ሳቁብኝ።

እማማ እንባዬን አይታ ልብስ ሰፊው ኦቦ ገመቹ ጋ ወሰደችኝ።

"ጨርቅ ለጥፌ የታወቀ ሰው ስም ልስፋበት?" አሉኝ።

ማሊያውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ። "አይነካም!"

ኦቦ ገመቹ መቀሳቸውን አስቀመጡ። "እሺ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ያልታወቀ ሰውም ላቡ ላብ ነው።"

ነገሩ ብዙም አልገባኝም። ግን በማግስቱ ሳልጠራ ሜዳ ገብቼ ከኋላ ቆምኩ። ማንም አልመረጠኝም፤ ማንም ደግሞ አላለፈኝም።

አድጌ ስልክ ስይዝ ስሙ ማሊያው ላይ ያለውን ሰውዬ ፈለግኩት። በብርድ አገር ከአንዱ ትንሽ ቡድን ወደ ሌላው ሲዞር ኖሮ፣ ማንም ሳያጨበጭብለት ጫማውን የሰቀለ ተጫዋች ነው። ተከላካይ! እንደኔ።

ማሊያውን አሁን ከማሰለጥናቸው ሴት ልጆች አንዷ ትለብሰዋለች። በቀደም ወንዶቹ "ይሄ ደግሞ ማነው?" ሲሏት ሰማሁ።

"መጀመሪያ እለፉኝ፤ ከዚያ እነግራችኋለሁ" አለቻቸው።