የአለይዳ ልደት

ሩሎፍ ዕድሜውን ሙሉ ብስክሌት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። በሆላንዷ ሜፐል ከተማ የሱ እጅ ያልነካው ብስክሌት የለም ቢባል ግነት አይሆንም፤ ድምፁን የሰማ ግን ጥቂት ነው። ወሬው የሚስቱ የአለይዳ ድርሻ ነበር። ደንበኛ የምትቀበለው፣ ከጎረቤት የምትጣላውም የምትታረቀውም እሷ ናት። ጓደኞቹን እንኳ ያመጣችለት እሷ ነበረች።

ባለፈው ኅዳር አለይዳ ስትሞት ጓደኞቹ አልሸሹትም፤ ይህን መካድ ኃጢአት ነው። በየዓመቱ በራይን ወንዝ ላይ በመርከብ እንደሚጓዙት ዘንድሮም ይዘውት ወጡ። ኤቨርትና ሚስቱ ኮሪ፣ ሃርምና ሚስቱ ሄኒ፣ አምስተኛው ሩሎፍ። ሃርም የቀድሞ አስተማሪ ነው፤ ከዓመት ወዲህ ነገር ከአእምሮው እየጠፋበት ሄኒ ክንዱን ይዛ ነው የምታስኬደው።

ጀርመን ውስጥ ኮሎኝ ከተማ የደረሱበት ቀን የአለይዳ ልደት ነበር።

እኛ ሆላንዶች ዘንድ ልደት የባለልደቱ ብቻ አይደለም። ሚስትህ በተወለደችበት ቀን ያገኘህ ሁሉ እጅህን ጨብጦ «እንኳን ደስ አለህ» ይልሃል፤ አንተ ምን እንደሠራህ እግዜር ይወቅ። ሩሎፍ አርባ ምናምን ዓመት ሲያፍርበት የኖረውን ይህን ነገር ዛሬ ናፈቀው። ሌላ ምንም አልፈለገም። አንድ ሰው ስሟን ይጥራለት፣ በቃ።

ቁርስ ላይ እንቁላሉ አልበሰለም ብለው አወሩ። ካቴድራሉ ውስጥ አስጎብኚዋ በጆሮው በሰካው ማዳመጫ ስለ ሰብአ ሰገል ዐፅም ስትነግረው ቆየች። ከሞቱ ስንት ዘመን የሆናቸው ሰዎች ስማቸው ሲጠራ ዋለ።

«አንተ ሩሎፍ» አለ ኤቨርት ሲወጡ፣ «ይህን የመሰለ ሕንጻ ትተህ የሰው ብስክሌት ታያለህ? ጡረታ ወጥተሃል እኮ፤ የሚከፍልህ የለም።»

«ሰንሰለቱ ላልቷል» አለ ሩሎፍ።

ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ሆድ ግን ባሰው። ረስተዋታል አለ በልቡ።

ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ካፌ ተቀመጡ። ሩሎፍ ሌላ መላ ሲያጣ «ኬኩ በኔ ነው» አለ። ኬክ የሚጋብዘው ልደት ያለበት ቤት መሆኑን እኛ ዘንድ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ኮሪ ሄኒን አየቻት። ሄኒ ሳህኗን አየች። ኤቨርት ክሬሙን አመሰገነ።

ሃርም ብቻ ሹካውን አስቀመጠ፤ ፊቱ በራ።

«ቆይ እስቲ። የአለይዳ ልደት ነው እንዴ?» ተነሥቶ የሩሎፍን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። «እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። የታለች እሷ? ሱቅ ገባች?»

«ሃርም፣ አለይዳ እኮ…» ሄኒ ክንዱን ያዘችው።

«ተይው» አላት ሩሎፍ። «አዎ፣ ሱቅ ናት።»

«ጫማ ልትገዛ ነዋ። አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን የጫማ ክምር ተንዶብህ ነው የምትሞተው።»

ኮሪ ወደ ሩሎፍ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች፦ «ይቅርታ አድርግልን። ጠዋት ተመካክረን ነበር፤ ቁስልህን እንዳንነካ ብለን። ቀኑ እንደሚከብድህ እናውቃለን።»

ለቀባሪው አረዱት። እንግዲህ አልረሷትም፤ እያወቁ ነው ዝም ያሉት። ይህ ደግሞ ከመርሳቱ የባሰ አስከፋው። ወንበሩን አንሥቶ ከሃርም ጎን ተቀመጠ።

ሃርም አወራለት። አለይዳ ዳንስ ላይ የኤቨርትን እግር እንዴት እንደምትረግጥ፣ ረግጣም እንዴት እሱኑ እንደምትቆጣ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አለይዳ በሕይወት ያለችበት ጭንቅላት ይህ አንዱ ብቻ ነበር፤ ሩሎፍ እንዳያልቅበት እየሰጋ አዳመጠ።

መርከቡ የሚነሣበት ሰዓት ደረሰ። ሃርም ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አልል አለ።

«አለይዳን ጥለን? እኔ አላደርገውም።»

ሄኒ ለመነችው፤ ኤቨርት ቀለደበት። ሰውየው የወንበሩን እጀታ ጨብጦ ቀረ። ሩሎፍ መርዶውን ሌላ ሰው እንዲነግረው አልፈለገም። ጎንበስ አለ።

«ሃርም፣ አለይዳ አትመጣም። ሞታለች።»

ሃርም መርዶውን እንደ አዲስ ሰማ። ሰው ፊት መሆኑን ሳያስብ አለቀሰ። ከኅዳር ወዲህ ሩሎፍ ፊት ያለቀሰላት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሲጠነቀቁለት ነው የከረሙት።

«እግዜር ያጽናህ» አለ ሃርም፣ የሩሎፍን እጅ ይዞ። ቀጥሎም፣ «ታዲያ አሁን ብቻህን ነህ ማለት ነው?»

«አዎ» አለ ሩሎፍ። «ብቻዬን ነኝ።»